ለአንጎል የደም ስር ተብሎ በስልክ የሚሸጠው የዓሣ ዘይት

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ወደ ዝግጅት ክፍላችን መጡና የያዙትን ከረጢት ጠረጴዛችን ላይ ዘረገፉት። ስድስት ትልልቅ ብልቃጥ የዓሣ ዘይት እንክብል ነበር። አንዱ ተከፍቶ ተጀምሯል፣ አምስቱ እንደታሸጉ ናቸው። ዋጋው 2,400 ሸቅል፣ በየወሩ 200 ሸቅል እየተቆረጠ በ12 ጊዜ የሚከፈል። ሻጩ ያናገራቸው በስልክ ነው፣ ያውም በጥሩ አማርኛ። «እናቴ፣ ይሄ የአንጎልን የደም ስር ያጥባል፣ ይህን የወሰደ ሰው ስትሮክ አይደርስበትም» ብሏቸዋል። የካርዳቸውን ቁጥር በዚያው ጥሪ ነገሩት።

ልጃቸው የመጣው ገንዘቡ እንዲመለስ ምን ማድረግ እንዳለበት ሊጠይቀን ነበር። በጨዋታ መሃል ግን እናትየዋ የደም ግፊት ክኒናቸውን ከተውት ሦስት ሳምንት እንደሆናቸው ነገሩን። «ሁለት መድኃኒት ለአንድ በሽታ ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው» አሉ። ልጃቸውም ይህን የሰማው ገና እዚያው እኛ ፊት ነው። በማግስቱ ኩፓት ሖሊም ሄደው ነርሷ ስትለካቸው የላይኛው ቁጥር 182 ሆኖ ተገኘ።

ይህ ገጽ የሸማቾች ገጽ ነውና ስለ ገንዘቡ እንጽፋለን። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ከ2,400 ሸቅሉ የሚበልጥ ነገር ስላለ ከዚያ እንጀምር።

አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ቢሆን ነው። ሰውነታችን ከሚጠቀምበት ኦክስጅን ግን አንድ አምስተኛውን የሚወስደው እሱ ነው። ይህን የሚያደርሱለት የደም ስሮች በአንገት በኩል ከሚወጡት ትልልቆቹ ጀምሮ እንደ ፀጉር እስከቀጠኑት ድረስ ናቸው። ስትሮክ፣ እዚህ አገር ሻቫጽ ወይም ኢሩዓ ሞሒ የሚሉት፣ በአብዛኛው የሚመጣው ከእነዚህ አንዱ ሲዘጋ ነው፤ ከመቶ 85 ያህሉ እንዲህ ነው። የቀረው ደግሞ የደም ስሩ ሲፈነዳ የሚመጣ ነው።

ሳይታወቅ ቀስ ብሎ የሚመጣ ሌላም ጉዳት አለ። ግፊት ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የቀጫጭኖቹ የደም ስሮች ግድግዳ እየወፈረና እየደረቀ ይሄዳል። ወደ አንጎሉ የውስጥ ክፍል የሚደርሰው ደም ያንሳል። በኤም.አር.አይ ምርመራ ነጫጭ ጠባሳ ሆኖ ይታያል። ቤት ውስጥ ግን የምናየው አባባ እርምጃቸው ሲያጥር፣ የጀመሩትን ወሬ ሲረሱ፣ ቶሎ ሲቆጡ ነው። እኛም «እርጅና ነው» ብለን እናልፈዋለን። አንዳንዱ እርጅና ነው፣ አንዳንዱ ግን ሳይታከም የቆየ ግፊት ነው።

ታዲያ የዓሣ ዘይት በዚህ ውስጥ ምን ድርሻ አለው? ሻጩ ሙሉ በሙሉ ከሜዳ ያነሳው ወሬ አይደለም፤ ለዚህም ነው ሰው የሚያምነው። ኦሜጋ 3 የሚባለው ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው የማይችለውና ከምግብ ማግኘት ያለበት የቅባት ዓይነት ነው። ሦስት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉት። አንዱ በእህልና በቅባት እህል ውስጥ የሚገኘው ኤ.ኤል.ኤ ነው፣ ለምሳሌ በተልባና በኤጎዜ መሌኽ። ሁለቱ ደግሞ በዓሣ ውስጥ የሚገኙት ኢ.ፒ.ኤ እና ዲ.ኤች.ኤ ናቸው። ዲ.ኤች.ኤ የአንጎል ሴሎች ሽፋን ከተሠራባቸው ነገሮች አንዱ ነው። የዓሣ ኦሜጋ በደም ውስጥ ያለውን ትሪግሊትሰሪዲም የተባለውን ስብ ይቀንሳል፣ ደም ቶሎ እንዳይረጋ ጥቂት ያግዛል፣ በብዛት ሲወሰድም ግፊትን በትንሹ ዝቅ ያደርጋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1970ዎቹ ባንግ እና ዲየርበርግ የተባሉ ሁለት የዴንማርክ ተመራማሪዎች ወደ ግሪንላንድ ሄደው ዓሣና የባሕር እንስሳ ስለሚበሉት የአገሩ ሰዎች ደም ከጻፉ በኋላ ነው። እነዚያ ሰዎች የልብ በሽታ አይዛቸውም የሚለው ወሬ ዓለምን አዳረሰ። በ2014 የካናዳ ሐኪሞች ያንን መረጃ ወደ ኋላ ተመልሰው ሲፈትሹት መሠረቱ ደካማ መሆኑን ጻፉ። እስከዚያ ድረስ ግን እንክብሉ ትልቅ ንግድ ሆኖ ነበር።

ወሬን ከእውነት የሚለየው ፈተና ነው። ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለግማሹ ትክክለኛውን፣ ለግማሹ ባዶውን እንክብል ሰጥቶ ለዓመታት መከታተል። ቫይታል የተባለው የአሜሪካ ጥናት 25,871 ሰዎችን ከአምስት ዓመት በላይ ተከታትሎ በ2018 ውጤቱን አወጣ። በቀን 1 ግራም የዓሣ ዘይት የወሰዱት ካልወሰዱት ያነሰ ስትሮክ አልያዛቸውም። በዚያው ዓመት የወጣው አሴንድ የተባለው የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ 15,480 የስኳር ሕመምተኞችን ነው የተከታተለው። እዚያም ልዩነት አልታየም።

ሪዲዩስ ኢት የተባለው ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ትሪግሊትሰሪዲም ከፍ ያለባቸው፣ የኮሌስትሮል ክኒን የሚወስዱ 8,179 ሰዎች ተሳትፈውበት፣ በቀን 4 ግራም የተጣራ ኢ.ፒ.ኤ የወሰዱት ዘንድ የልብና የስትሮክ አደጋው ሩብ ያህል ቀነሰ። ይህ ግን በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፣ ከሱፐር መደርደሪያ የምናነሳው ብልቃጥ አይደለም። በ2020 ከ13,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ስትሬንግዝ የተባለ ሌላ ጥናት በዚያው መጠን የኢ.ፒ.ኤና የዲ.ኤች.ኤ ድብልቅ ሰጥቶ ጥቅም ስላላገኘ ተቋረጠ። ሐኪሞቹም እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኛ በክርክሩ ውስጥ አንገባም። አንድ ነገር ግን እንጨምር፤ በብዛት የወሰዱት ሰዎች ዘንድ ፒርፑር ፕሮዝዶሪም የሚባለው የልብ ምት መዛባት በርከት ብሎ ታይቷል። ይህ የልብ ምት መዛባት ደግሞ ራሱ ስትሮክ ያመጣል። ስለዚህ «ጉዳት የለውም፣ ብዙ ብወስድ ብዙ ይጠቅመኛል» ማለት አይሠራም።

ለጉዳያችን በጣም የሚቀርበው ግን በ2024 ከኦሪገን የወጣው ትንሽ ጥናት ነው። ዕድሜያቸው 75 የሞላና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ በአንጎላቸው ውስጥ ያ የቀጫጭን ደም ስሮች ነጭ ጠባሳ የታየባቸው 102 ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ለሦስት ዓመት የዓሣ ዘይት ወሰዱ፣ ወይም ባዶውን። በአጠቃላይ ሲታይ ጠባሳው በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ሆኖ ጨመረ። አንድ የተወሰነ የዘር ምልክት ያላቸው ሰዎች ዘንድ የተስፋ ፍንጭ ታይቷል፣ ግን ገና መጣራት ያለበት ነው። የደም ስር «ያጥባል» የሚል ነገር ግን ከአንዱም ጥናት አልወጣም።

ከዚህ ጋር ስታነጻጽሩት የተረሳችው የግፊት ክኒን ምን እንደምትሠራ ተመልከቱ። የላይኛው የግፊት ቁጥር በ10 ዝቅ ሲል ስትሮክ የመያዝ አደጋው ሩብ ያህል ይቀንሳል። ይህ በብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ላይ የተረጋገጠ ነው። ክኒኗ ደግሞ በኩፓት ሖሊም በጥቂት ሸቅል ትገኛለች። ርካሽ ስለሆነች ነው መሰለን ማንም ስልክ ደውሎ የማይሸጣት።

ወደ ምግቡ እንምጣ፤ ኦሜጋን ከምግብ ማግኘት ከእንክብሉ የተሻለ መንገድ ነውና። የአሜሪካ የልብ ማኅበር የሚመክረው ዓሣ በሳምንት ሁለት ጊዜ መብላት ነው፣ በተለይ ቅባት ያለውን። ሰርዲን፣ ሳልሞን፣ ማከረልና ሄሪንግ በዚህ ይታወቃሉ። ርካሹ ሰርዲን ነው፤ 100 ግራም የቆርቆሮ ሰርዲን ወደ 1 ግራም የሚጠጋ ኢ.ፒ.ኤና ዲ.ኤች.ኤ አለው። ጨው የበዛበትን ብቻ አትምረጡ። አምኖን ጥሩ ዓሣ ነው፣ ኔሲኻት ሀኒሎስም ስሟ የአባይን ልጆች ደስ ያሰኛል፤ በኦሜጋ በኩል ግን ሁለቱም ከሰርዲን ያንሳሉ።

ተልባ ደግሞ የራሳችን ነው። እናቶቻችን በጎንደርም በትግራይም ሳሉ ምጣድ ላይ አመስ አመስ አድርገው፣ ወቅጠው፣ ነፍተው በውኃ በጥብጠው ያጠጡን ነበር፣ ያውም ለሆድ ድርቀት ብለው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ 1.6 ግራም ያህል ኤ.ኤል.ኤ አለው፣ ይህም አንድ ትልቅ ሰው በቀን የሚያስፈልገው መጠን ነው። ሰውነታችን ይህን ወደ ኢ.ፒ.ኤና ዲ.ኤች.ኤ የሚለውጠው ግን ከመቶ ጥቂቱን ብቻ ስለሆነ ተልባ ዓሣን አይተካም። ሳይፈጭ የተዋጠ ተልባ እንዳለ ይወጣል። የተፈጨው ቶሎ ይበላሻልና ጥቂት ጥቂት እየፈጫችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡት። ከመድኃኒት ጋር ባንድ ጊዜ አትጠጡት፣ መድኃኒቱን ሰውነት ቶሎ እንዳይወስደው ሊያደርግ ስለሚችል አንድ ሁለት ሰዓት አራርቁት። ኑግና የሱፍ ዘይት ኦሜጋ 6 ናቸው እንጂ ኦሜጋ 3 አይደሉም። መጥፎ ግን አይደሉም።

ዓሣ ጨምሮ ወጡ ውስጥ ሁለት ማንኪያ አብከት ማራክ የሚጨምር ቤት ግን በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላው እየወሰደ ነው። ያ ዱቄት ጨው የበዛበት ነው። ጨው ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ግፊት የደም ስርን ይጎዳል። በኢትዮጵያ ሳለን የማናውቀው ይህ ዱቄት እንዴት የወጣችን ቅመም እንደሆነ እኛም ይገርመናል። ሽንኩርቱ በደንብ ከተቁላላ፣ በርበሬውና ኮረሪማው ካለ፣ ሾርባ ዱቄት ለምን?

እንክብሉን የሚገዛ ሰው ካለ፣ ሐኪምም ከፈቀደ፣ የብልቃጡን ፊት ሳይሆን ጀርባውን ያንብብ። ፊቱ ላይ በትልቁ «1000 ሚሊግራም» ይላል። ያ የዘይቱ ሁሉ ክብደት ነው። ጀርባው ላይ ኢ.ፒ.ኤ 180፣ ዲ.ኤች.ኤ 120 የሚል በላቲን ፊደል ተጽፎ ታገኛላችሁ። ድምሩ 300 ነው፤ የምትከፍሉት ለዚህ ነው፣ የቀረው ተራ ዘይት ነው። ለምሳሌ አንድ 60 እንክብል ያለው ብልቃጥ 60 ሸቅል ቢሆን፣ አንዱ እንክብል 1 ሸቅል ነው፣ 300 ሚሊግራም ይሰጣል። ሌላው 90 ሸቅል ሆኖ እንክብሉ 600 ሚሊግራም ቢኖረው፣ ውድ የሚመስለው ነው ርካሹ፤ ለዚያው ለ300ው ሦስት ሩብ ሸቅል ብቻ ከፍላችኋልና። ልጆቻችሁ ሱፐር ውስጥ በስልካቸው ሊያሰሉት ይችላሉ።

የክሽሩት ነገርም አለ። የእንክብሉ ቅርፊት ጄላቲን ስለሆነ ከምን እንስሳ እንደተሠራ ማወቅ ያሻል። ክሪል የተባለ ዘይትም በውድ ይሸጣል። ክሪል እንደ ሽሪምፕ ያለ የባሕር ነፍሳት ነው፣ ክንፍና ቅርፊት የለውም፣ ስለዚህ ክሹር አይደለም። የክሽሩት ማኅተም የሌለበትን ብልቃጥ አንድ ሰው «ንጹሕ ነው» ስላለን ብቻ መቀበል የለብንም።

ኩማዲን፣ ኤሊኩዊስ፣ አስፕሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ወላጆች ግን ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ የዓሣ ዘይት አትጀምሩ። ደም መፍሰስን ሊጨምር ይችላል። ኦፐሬሽን ሊደረግላችሁ ሲልም ተናገሩ። ሁሉንም ብልቃጥ በአንድ ከረጢት ይዞ መሄድ ቀላሉ ነገር ነው። በሐኪሙ ፊት «ምንም አልወስድም» የሚሉና ቤታቸው ሲኬድ ጓዳቸው ፋርማሲ የሚመስል ስንት አባቶች እናውቃለን! ተነ ብሪኡት የተባለው ድርጅት ለማኅበረሰባችን የጤና ትምህርትና የትርጉም ሥራ ከጀመረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በኩፓት ሖሊም የቋንቋ ችግር ካለ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ማፈር የለባችሁም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በስልክ ወይም ቤታችሁ ድረስ መጥተው የሸጡላችሁን ዕቃ ሕጉ ለተወሰነ ጊዜ እንድትሰርዙ ይፈቅዳል። በመደበኛው 14 ቀን ነው። ዕድሜው 65 ለሞላ ሰው፣ አካል ጉዳት ላለበት፣ ወይም ዑሌ ከሆነ 5 ዓመት ላልሞላው ሰው ግን፣ ሽያጩ ላይ ከሻጩ ጋር ንግግር ከነበረ፣ ጊዜው 4 ወር ነው። ሻጩ ሊያስቀር የሚችለው የስረዛ ክፍያ ከዋጋው ከመቶ አምስት ወይም 100 ሸቅል፣ ከሁለቱ ያነሰውን ነው። አሳስቷችሁ ከሆነ ደግሞ ያንንም ማስቀረት አይችልም። ያልከፈታችሁትን አትክፈቱ፤ በተከፈተው ላይ ክርክር ሊነሳ ይችላል። ራሳችሁ ሱቅ ሄዳችሁ የገዛችሁት የምግብ ተጨማሪ ግን በዚህ አይገባም፣ መመለሱ በሱቁ ፈቃድ ነው።

በቃል ብቻ አትሰርዙ። በኢሜል ወይም በራሹም ደብዳቤ ስም፣ የተዑዳት ዜሁት ቁጥር፣ የተገዛበት ቀንና «ግዢውን ሰርዣለሁ» የሚል ጽሑፍ ላኩ፣ ቅጂውን አስቀሩ። ገንዘቡ ካልተመለሰ ለካርዱ ድርጅት ማመልከት፣ ለሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣንም አቤት ማለት ይቻላል። በሽታ ይፈውሳል ብሎ የምግብ ተጨማሪ መሸጥ ራሱ የተከለከለ ነው፣ ይህንን በአቤቱታችሁ ላይ ጻፉት። ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ «አል ትትካሽሩ ኤላይ» የሚባል መዝገብም አለ። የወላጆቻችሁን ስልክ ቁጥር እዚያ ካስመዘገባችሁ የሽያጭ ሰዎች እንዲደውሉላቸው አይፈቀድም። ሥራው አምስት ደቂቃ ነው፣ ልጆች ዛሬ ማታ ሊያደርጉት ይችላሉ።

ለሚሠሩ ልጆች አንድ ነገር እናስታውስ። ዕድሜው 65 የሞላ እናት ወይም አባት ከስትሮክ በኋላ በዕለት ተዕለት ነገር ሙሉ በሙሉ በሰው እርዳታ የሚኖር ከሆነ፣ ሠራተኛው ከራሱ የሕመም ቀናት በዓመት እስከ 6 ቀን ወስዶ ሊያስታምም ሕጉ ይፈቅድለታል። አሠሪው ይህን ከዕረፍታችሁ ሊቆርጠው አይገባም።

አንድ ወላጅ ድንገት ፊቱ በአንድ ወገን ቢጣመም፣ አንድ እጁ ቢዝል፣ ንግግሩ ቢወላገድ ወይም ቢጠፋ፣ 101 ደውሉ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ሊሰጥ የሚችለው በአብዛኛው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ስለዚህ መቼ እንደጀመረ ሰዓቱን ያዙ። ውኃ ረጭቶ፣ አስተኝቶ፣ ልጆቹ ከሥራ እስኪመጡ መጠበቅ የለም። ሐኪም ቤት ሳይደርሱ የዓሣ ዘይትም ሆነ አስፕሪን አትስጡ፤ ስትሮኩ ከመፍሰስ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ያቺ እናት ደብዳቤውን ልጃቸው በዕብራይስጥ ጽፎላቸው ላኩ። ዕድሜያቸው 71 ስለሆነ የ4 ወሩ ጊዜ ገና አላለፈም ነበር። ኩባንያው መጀመሪያ አንገራግሮ፣ በኋላ አምስቱን የታሸጉ ብልቃጦች ተቀብሎ የወሩን ቆረጣ አቆመ፤ የተከፈተውን ዋጋ ግን ከፍለዋል። ክኒናቸውን ጠዋት ጠዋት ከቡናቸው በፊት ይውጣሉ፣ ልጃቸውም ግፊታቸውን በደብተር ይጽፋል። ባለፈው ሳምንት ስንደውልላቸው 138 ደርሷል አሉን። የተከፈተውን ብልቃጥ ለሮፌ ሚሽፓሓቸው አሳይተው፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ስለማይወስዱ መጨረስ እንደሚችሉ ተነግሯቸዋል። «ከፍዬበት ምን ልሁን፣ እጨርሰዋለሁ፤ ግን ይሸታል» አሉን እየሳቁ።